ሁለተኛው መሐላ

ጅግጅጋ፣ 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሀምዲያ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ቀናው፣ ጎሚስታው። ጎማ እየለጠፈ ሰፈሩን በወሬ የሚያደክመው ቀናው። ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጠራጠሪ፣ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህራችን «ቀናው፣ አፍህን የሚቀድም እጅ እስካሁን አልተፈጠረም፤ ያንተ ግን ደህና እየተከተለ ነው» ብሎኛል። እኔ ይህን እንደ ማዕረግ ነው የያዝኩት። «ኘ»ን እንደኔ አሳምሮ የሚጽፍ ከጅግጅጋ እስከ ደምበል ቢፈለግ አይገኝም። ደምበል ያለሽው አንቺ ነሽና እስቲ ፈልጊና ንገሪኝ።

ስልክሽን መቀየርሽን አውቃለሁ። ለምን እንደቀየርሽም አውቃለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለደምበሉ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። አራቱንም ጎማ ነፍቼለት «ካላደረስክ ስትመለስ ሁሉንም አስተነፍሰዋለሁ» ብዬዋለሁ። ያደርሳል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። የምጽፍልሽ ጻፍላት ስለተባልኩ ነው። የተባልኩትን ግን አልጽፍም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ያን ቀን ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ሆኖም እኔ ከሰልፉ ላይ ሆኜ ያየሁትን እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

መስከረም 2014 ነው። ሲራዘም የቆየው ምርጫ በመጨረሻ የእኛም ክልል ደረሰው። በዋዜማው የሥጋ ነጋዴው ልጅ ሰርግ ስለነበር የሰፈሩ ሴት ግማሹ ጣቱን በጥቁር ሂና ነክሮ አድሯል። ጠዋት አንቺ በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ግቢ ተሰለፍን። አንቺ የጣቢያው ኃላፊ ነሽ። በሩ ከመከፈቱ በፊት በታዛቢዎቹ ፊት ቆመሽ በእውነት ልትሠሪ ስትምዪ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ይቺ ልጅ ጎማ የመለጠፍ ያህል እንኳ አልቀለላትም» ብዬ አጠገቤ ያለውን አሳቅኩት።

ከዚያ የመረጠ ሰው እንዳይደግም ጣት ላይ ቀለም የምትቀባዋ ልጅ የአንዷን ሴትዮ ጣት ይዛ ግራ ገባት። ጥቁር በጥቁር ላይ ምን ይታያል?

«ይህቺ መርጣ መጥታለች! መልሷት!» አለ አንዱ የፓርቲ ታዛቢ።

«እኔ ሰርግ ቤት ነው ያደርኩት፤ እዚያም ምርጫ ነበረ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ታዛቢዎቹን አንድ ሳታስቀሪ ጠራሽ፤ የሁሉም ፓርቲ ሰው ተሰበሰበ። ጣታቸው ላይ ሂና ያላቸው ሴቶች ሁሉ ቀለሙን በእጃቸው አንጓ በውስጥ በኩል ይቀቡ አልሽ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉም ፈረመ። እኔ ይህን ያየሁት በዚህ በሁለት ዓይኔ ነው። የጎማ ቀዳዳ በጆሮዬ ባገኝም ለዚህ ዓይኔ በቂ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ በፊርማዬ ቦታ አተምኩ። አንቺም ቀስ ብለሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ወላል፣ ወንድሜ፣ የፈረንጅ መኪና ጎማ ፈተህ የምትገጥም ሰውዬ ስምህን መጻፍ አቃተህ?» አልሽኝ። ያን ቀን እንዳልሰማሁ ሆኜ ወጣሁ። የማታ ትምህርት ቤቱን በር ያንኳኳሁት በዚያ ቃልሽ ነው። ይህንንም አታውቂም ነበር፤ አሁን እወቂው።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን መድገም ያመኛል። አንዲት ኮረዳ ከግቢው ወጥታ አሥር ጣቶቿን ዘርግታ ጓደኞቿን ስታስቅ አንዱ ፎቶ አነሳት። ጣቷ ላይ ሂና እንጂ ቀለም የለም። አንጓዋን ማን ያይላታል? ፀሐይ ሳትጠልቅ «ያለ ቀለም አስመረጡ» ተባለ። ሲነጋ «ሦስት ሦስት ጊዜ አስመረጡ» ሆነ። አቤቱታ ገባ፤ በእነዚያው ታዛቢዎች ፊት እንደገና ተቆጠረ። የመራጩ ፊርማና የድምፁ ወረቀት እኩል ሆኖ አቤቱታው ተዘጋ። ወሬውን ግን የሚዘጋ ጠፋ። ከፈረሙት ሰዎች መካከል አንድ እንኳ አደባባይ ወጥቶ «እኔ ነበርኩ፣ ተስማምቻለሁ» ያለ የለም። አንዱን ሱቅ ደጃፍ አግኝቼ «አንተ እኮ ነበርክ» ብለው፣ «በዚያ ጊዜ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ይሆናል» አለኝ።

ትምህርት ቤቱ «ሂና ጣቢያ» የሚል ስም ወጣለት። እናትሽን ገበያ ውስጥ «ልጅሽ አዲሱን ቤት በስንት ድምፅ ሠራችው?» አሏት። የተከራየሽውን አንድ ክፍል ቤት እኮ ነው! በመጨረሻ አንድ አባት ስለ ልጁ የፈተና ውጤት ሊከራከርሽ መጥቶ በተማሪዎችሽ ፊት «መቁጠር እንደምትችይበት እናውቃለን» አለሽ። በሳምንቱ ደምበል ሄድሽ። ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። መንገዱን ሁሉ ስለ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቀለድኩ። ማለት የነበረብኝ «አይቻለሁ፣ አምንሻለሁ» ነበር።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ።

ምዝገባው ሊጀመር ሲል ሪድዋን የሚባል ወጣት ከምርጫ ቦርድ ተልኮ መጣ፤ የእኛን ሰፈር ምርጫ ጣቢያ የሚያደራጀው እሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ኃላፊ የሚሆን ሰው ፈልጎ ቤት ለቤት ዞረ። መምህራኑ «አሞናል» አሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ስም አለኝ፤ ልጆች አሉኝ» አለችው። አንዱማ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ «የሀምዲያን ዕጣ ለጠላቴም አልመኝም» ብሎታል። ሪድዋን እኔ ጋ መጥቶ የሞተሩን ጎማ እያስነፋ፣ «እስከ ሐሙስ ሰው ካላገኘሁ ጣቢያችሁ ይታጠፋል፤ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ካለው ጋር ትደባለቃላችሁ» አለኝ። ማዶ ማለት ለእኔ ቅርብ ነው፣ ለአሮጊቶቹ ግን በዚያ አሸዋ ላይ ሩቅ አገር ነው።

በማግስቱ ባሬ መጣ። ባለሱቁን ባሬን ታውቂዋለሽ፤ ከፊቴ ያለው ሱቅ የእሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ልከውት ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ «ለሀምዲያ ጻፍላት። አንተን ትሰማሃለች» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

«ትምጣና እንደገና ኃላፊ ትሁን» አለ። «ግን መጀመሪያ ሱቄ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያን ጊዜ እንዳላጭበረበረች በቁርዓን ትማል። ከዚያ ሁላችንም እንመዘገባለን፤ ወሬውም ይሞታል።»

«አንተ ታምናታለህ?»

«እኔ አምናታለሁ። ሰው ነው የማያምናት።»

«ሰው ማለት ማን ነው?»

«ቀናው፣ ፊደል ቆጠርኩ ብለህ አትመርምረኝ። ወላሂ ለእሷ ብዬ ነው!»

«ያንተ ወላሂ የስኳርን ዋጋ አውርዶ አያውቅም» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

አድራሻሽን ልጠይቅ እናትሽ ጋ ሄድኩ። እንደ አክስቴ «ኤዶ» የምላት ባቱሎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። የባሬን መልእክት ስነግራት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ልጄ ያን ቀን ጠዋት ምላ አይደለም እንዴ የገባችው?»

«ምላ ነው፣ ኤዶ። አይቻለሁ።»

«ታዲያ የመጀመሪያው መሐላዋ ምን ሆነ? በላችው? የመጀመሪያውን ያላመነ ሁለተኛውን እንዴት ያምናል? ሁለተኛውን ከሰጠችው ሦስተኛውን ማን ይከለክለዋል? ልጄ ከዚህ የሄደችው መሐላ አልቆባት አይደለም።»

ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ በደንብ አየችኝ። «አንተስ ቀናው፣ ታምናታለህ?»

«አምናታለሁ» አልኩ ቶሎ።

«እንግዲያው ለምን ጥያቄያቸውን ተሸክመህ መጣህ?»

ሰፌዱን አንስቼ ማሽላዋን መልቀም ጀመርኩ። እኔ፣ ቀናው፣ ማሽላ ለቃሚ! ብታይኝ ኖሮ ለአንድ ዓመት ትስቂብኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሀምዲያ። ማንበብ ሳልችል ወሬውን በጆሮዬ እሰማው ነበር፤ የሰማሁትን ደግሞ በቀልድ እመልሰዋለሁ። አሁን ስልኬ ላይ አነበዋለሁ። የተጻፈ ነገር ደግሞ ለእኔ ለአዲስ አንባቢው ያስፈራል፤ ቆሞ ያየኛል። የዚያችን ኮረዳ ፎቶ እንደ አዲስ ያወጣው ሰው አለ። ከሥሩ «እኔ ነበርኩ፣ ቀለሙ አንጓዋ ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ጣቴ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ። አንዱ «መጀመሪያ መጻፍ ተማር» አለኝ። ሌላው «ስንተኛ ጊዜህ ነበር?» አለኝ። ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው፣ ይቅር በይኝ፣ ለአፍታ ያየሁትን ማየቴን ተጠራጠርኩ። እውነት አንጓ ነበር? እውነት ሁሉም ፈርመዋል? እኔ በዓይኔ ያየሁት ሰውዬ እንዲህ ከሆንኩ፣ ያላየው ምን ይሁን? የፈራሁት ይህን ነው። አንቺን ብቻ መች ወሰዱ፣ የገዛ ዓይናችንንም ሊወስዱብን ነው።

ባሬ ጋ ተመልሼ «አልጽፍም» አልኩት።

«ጣቢያው ይዘጋል!»

«ይዘጋ። ትምጣና ሥራዋን ትሥራ ካላችሁ እጽፋለሁ። ትምጣና ትማል ከሆነ አልጽፍም።»

«ያለ መሐላ ሰው አይመዘገብም፣ ቀናው።»

«እንግዲያው የምትፈልጉት ኃላፊ አይደለም፤ ተከሳሽ ነው» ብዬ መዶሻዬን አነሳሁ።

ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ አለፈ። ሪድዋን የትምህርት ቤቱን በር ቁልፍ መልሶ፣ ማስታወቂያውን ልጦ ሄደ። ማዶ ተደባለቅን። እኔም ልመዘገብ ስሄድ ያየሁትን ልንገርሽ። የእኛን ሰፈር ሰው «የሂናዎቹ መጡ» እያሉ ለብቻው አሰለፉት። ሪድዋን ቢቃወምም ማንም አልሰማው። ባሬ ከፊቴ ነበር። አንድ ጎረምሳ ታዛቢ የባሬን እጅ ይዞ ገለባበጠው፤ መዳፉን፣ ጥፍሩን፣ አንጓውን። ገና ምዝገባ እኮ ነው፣ ቀለም የሚባል ነገር የለም!

«ምን ትፈልጋለህ? ልማልልህ?» ብሎ ጮኸ ባሬ። «ወላሂ፣ ቢላሂ…»

«የእናንተን ሰፈር መሐላ ማን ያምናል፣ አባቴ?» አለው ጎረምሳው። ደግሞ በጨዋ ድምፅ።

ባሬ እጁን መልሶ ተቀበለ፤ የተቀበለው የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ነበር። ተመዝግቦ ወጣ። አሸዋውን አብረን ተመለስን። ደጃፌ ስንደርስ «ጻፍላት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንጃ» አለና ሱቁን ከፈተ።

በእኔም ላይ ወሬ ተጀምሯል። ጣቢያውን ያስዘጋው ቀናው ነው፣ ያዘዘው ፓርቲ አለ እያሉኝ ነው። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ግን አልተስማሙም። እኔም ጠያቂ ሲመጣ «እናንተ ተስማሙና ንገሩኝ፣ እስከዚያ ጎማችሁን ልንፋ» እላለሁ። ቀን ቀን እንዲህ እቀልዳለሁ። ሰው ሲሄድልኝ ግን አይቀለኝም። አንቺ ይህን ስንት ዓመት ለብቻሽ እንደተሸከምሽው አሁን ገና ገባኝ።

ነይ አልልሽም። አትምጪም አልልሽም፤ አገርሽ ነው። መጥተሽ አስረጂን የሚል ሰው ግን በእኔ እጅ አይጽፍልሽም።

የምርጫው ቀን እናትሽን ባጃጅ ላይ አስቀምጬ፣ አሸዋው ጋ ሲደርስ ደግፌ፣ ማዶ አሻግራታለሁ። ተነጋግረናል፤ «ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ልጄ» ብላኛለች። እዚያ ደርሰን ጎረምሳው እጄን ገልብጦ ማል ቢለኝ አልምልም። ስሜን እነግረውና በራሴ እጅ፣ በደማቁ፣ እፈርምለታለሁ።

ወንድምሽ
ቀናው ጌታሁን