ውሃው ክፍት ነበር

ውድ ጋሼ፣

ጡረታ ወጥተው ልጅዎ ዘንድ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆነ። እስከ ዛሬ አንድም ደብዳቤ አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን የምጽፈውም ናፍቀውኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ከናፍቆቱ ንዴቱ ይበልጣል፤ ሳይቀመጡ እንዳያነቡት ብዬ አስቀድሜ ነገርኩዎ።

ሕመሜ ከሥራ የመጣ ነው ብዬ ባመለክት፣ የሰው ኃይል ኃላፊው አንድ ወረቀት አወጣ። «ግራናይት ሲቆረጥ የማሽኑ ውሃ ሁልጊዜ ክፍት ነበር፤ አቧራ አልነበረም» ይላል። ግርጌው ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ።

ጋሼ፣ ውሃው ክፍት የነበረው ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አምስቴ። ጫማዬ ስለሚርስ አምስቱንም አስታውሳለሁ። ዘበኛው ከበሩ ይደውላል፤ እርስዎ «ልጆች፣ ዝናብ መጣ» ይሉና ቧንቧው ይከፈታል። ሰውየው ንጽሕናችንን አድንቆ ሲወጣ ይዘጋል። ምክንያቱንም እኔው ለአዲስ ሠራተኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ፦ ውሃ በጠመኔ ያሰመርነውን መስመር ያጥባል፤ መስመሩ የጠፋ ድንጋይ ይጣመማል፤ የተጣመመ የመቃብር ድንጋይ ደግሞ ሟቹን ሳይቀር ያሳፍራል። ቀልዱ የእርስዎ ነው። እኛም ስቀን አቧራውን ዋጥነው።

የአፍ መሸፈኛ አልነበረም አልልም። ነበረ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ «ይቆሽሻል» ትል ነበር።

እኔ ፊደል ቀራጭ ነኝ። እጅዎን እጄ ላይ ጭነው መሮ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ጣቶቼ እንደ ሊጥ አብጠው ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት። «በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልተንከባከብኩህም» ትለኛለች። ለወጉ እስቃለሁ።

ቁርጥማት ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ቅባት ሳሽ ከረምኩ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«ምንድን ነው ሥራህ?»

«ድንጋይ ላይ እጽፋለሁ።»

«በደረቁ ነው የምትቆርጡት?»

«ተቆጣጣሪ ካልመጣ፣ አዎ» አልኳት። መልሴን መዘገበችው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲከማች የሰውነትን መከላከያ ያስቆጣዋል አለችኝ፤ የተቆጣ መከላከያ ደግሞ አንዳንዴ ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት የገዛ መገጣጠሚያውን ያቃጥላል። «ያንተ ከዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። አቧራው አደጋውን እንደሚጨምር ግን እጽፋለሁ» አለች። ሲጋራ ማጨሴንም ጻፈች፤ ሁለቱ ሲጋገዙ ይብሳል። ሐቀኛ ሴት ናት።

ኃላፊው ከጻፈችው ሁሉ ያነበበው «ሲጋራ» የምትለውን ቃል ብቻ ነው። «የእጅህን ነው ያገኘኸው» አለኝ።

«አቧራውስ?»

«የምን አቧራ? አለቃህ ፈርመዋል እኮ» ብሎ ወረቀትዎን ወደ እኔ ገፋው።

ልጮህበት ነበር። ግን ፊርማዎን አየሁት። እርስዎ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምሩ ሰው ነበሩ፤ ያ ፊርማ ግን እንደ ሰካራም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሄደ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ብዕሩ አምልጦዎታል። ለልጅዎ ደወልኩ። «አባባ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸዋል። እርጅና ነው ይላሉ» አለችኝ።

እርጅና። በስልሳ ሁለት ዓመት። አቧራው ባሳመመው እጅዎ «አቧራ አልነበረም» ብለው አስፈረሙዎት፤ እርስዎም እሺ አሉ። በእኔ ላይ ብቻ መስክረው ቢሆን በሽማግሌ እንታረቅ ነበር። እርስዎ ግን በራስዎ ላይ መሰከሩ፤ እኔን ያነደደኝ ይኸ ነው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማመልከቻዬን የሚያየው የሕክምና ቦርድ ይሰማኛል። ካመኑኝ ሕመሙ የሥራ ተብሎ እታከማለሁ፤ ቧንቧውም ይከፈታል። ካላመኑኝ መቁረጫው ላይ ያሉት ስድስት ሰዎች በደረቁ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ የሚነበበው የእርስዎ ወረቀት ነው። ተነሥቼ ሐሰት ነው እላለሁ። ያስተማረኝን ሰው ውሸታም ማለት ደስ አይለኝም፤ ግን እላለሁ።

እርስዎ ከመጡ ማለት አይኖርብኝም። ንግግር አይዘጋጁ። እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩትና ቀና ብለው ይዩአቸው፤ ይበቃል። ሰኞ ከሰዓት አውቶቡስ ጣቢያው እጠብቅዎታለሁ። ሻንጣዎን ግራና ቀኝ ይዘን እንሸከመዋለን፤ ለየብቻችን እንደሁ ማናችንም አንችለውም።

ተማሪዎ፣
ፊደል ቀራጩ