ከአባታችን ቦታ ስለ መነሣቴ

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለደሳለኝ፣ አስመራ።

እንደምን ከርመሃል? በክረምት የሚነሣብህ የጎን ውጋት ዘንድሮስ ተወህ ወይ? ባለቤትህ ማሬ እንደምን አለች? ትንሿ ልጃችሁስ መራመድ ጀመረች? እኔና እናታችን እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። የጎደሉብን አባታችን ብቻ ናቸው። መርዶውን ነጋዴው ሙሳ እንደነገረህና እዚያው ለቅሶ እንደተቀመጥህ ሰምተናል። ይህንንም ደብዳቤ እሱ ከእጁ ሳያወጣ ስለሚያደርስልህ ሳልፈራ እጽፋለሁ።

እኔ ዳዊት ጨርሼ ከየኔታ ዘንድ ጾመ ድጓ ይዣለሁ። የምጽፍልህ ግን ስለ ጭቃ ሹምነቱ ነው። ለማሬ ስታነብላት እንዲገባት ከሥሩ ልጀምር። በእኛ ደብር ጭቃ ሹም የሚመረጠው በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ነው። ሹመቱን የሚፈልግ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቀመጣል፤ እሱን የወደደ ሁሉ ሄዶ ከኋላው ይቀመጣል። አፍ አውጥቶ እገሌ ይሁን የሚል የለም። ከኋላው ብዙ ሰው ያገኘ ግብር ይሰበስባል፣ የድንበር ጠብ ይዳኛል፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የሹም እርሻም ያርሳል። ከቅድመ አያታችን ጀምሮ ሜዳው የሚሞላው ከእኛ ቤት ሰው ኋላ ነበር።

የጎረቤታችን የአያ ወርቁ ቤት ግን መሞከሩን ትቶ አያውቅም። አባቱ ከአያታችን ጋር የተቀመጡ ጊዜ ሦስት ሰው አገኙ ይባላል፤ ወንድማቸውን፣ የክርስትና ልጃቸውን፣ ሦስተኛው ደግሞ የጠፋ በሬ ፍለጋ ከእብናት መጥቶ ደክሞት ያረፈ እንግዳ ነበር። አያ ወርቁንማ ራስህ ታስታውሰዋለህ። አንድ ዓመት ብቻውን ተቀምጦ ሚስቱ የሺ ከአጥሩ ሆና ‹ወርቁ፣ ጀርባህ ባዶ ነው፣ ብርድ ሳይመታህ ና ግባ› ስትለው አባታችን ሳይቀሩ ሥቀዋል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ የሰው ስም አይያዝለትም። የክርስትና ልጆቹን እንኳ ‹አንተ ሰውዬ› እያለ ነው የሚጠራቸው። ሽማግሎቹም ስማችንን የማያውቅ ሰው እንዴት ይዳኘናል ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ነገሩ ሌላ ሆነ። አምና የደብረ ታቦሩ የጣሊያን ሹም፣ ጭቃ ሹም ሁሉ በደብሩ ጠመንጃ ያለውን ሰው በስሙ ያሳውቅ ብሎ አዘዘ። አባታችን ገና እየጠየቅሁ ነው እያሉ ጊዜ ገዙ። በጠሯቸው ቁጥር በዝናብ እየሄዱ ከጦር ሰፈሩ በር ቆመው ይውሉ ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን እየሳሉ ተመለሱና ከመደቡ አልተነሡም። ስም ግን አልሰጡም።

ሹም ሲሞት በመስቀል ማግስት አገር ቤት ያለው ልጁ በቦታው ይቀመጣል፤ ሕዝቡ ከኋላው ከተቀመጠ ሹመቱ ለታላቁ ልጅ ይጸናል። አጎታችን ሙላቴ ‹አንተ ቦታውን ብቻ ያዝ፤ ደሳለኝን ለኅዳር አስመጣዋለሁ። ይህ ሹመት ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም› አሉኝ። እናታችን አልተቃወመቻቸውም። ብቻ አባታችን የሞቱበትን ቁርበት እያጠፈች ‹ደሳለኝም በዚያው በር ሊቆም ነው› ስትል ሰማኋት።

ከየኔታ ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁና ተቀመጥሁ። አያ ወርቁም እንደ ልማዱ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ‹አባትህ ሰው ነበሩ፤ አይዞህ፣ አንተ... አንተ ልጅ› አለኝ። ከተወለድሁ ጀምሮ ጎረቤቴ ነው፤ ስሜ ጠፋበት። ያን ጊዜ አሰብሁ። የጣሊያኑ ሹም ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቢያቆመው ከዚህ ሰው የማንን ስም ያገኛል? ሰዉ ከኋላዬ መቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ ለአባታችን ክብር ብለው እንጂ ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። ተነሣሁና ከአያ ወርቁ ኋላ ሄጄ ተቀመጥሁ።

አጎታችን ‹ልጁን ሐዘን አዙሮታል፣ መልሱት› አሉ። የመለሰኝ ግን የለም። በአንዴም አልሆነም፤ አንዱ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ኋላ ሁሉም ወደ እኔ ወገን ዞረ። ‹አያ ወርቁ፣ ስም እኮ ይጠይቁሃል› አልሁት በቀስታ። ‹ይጠይቁኛ፤ የራሴንም ቢሆን የምታስታውሰኝ የሺ ናት› አለኝ። ቀጥሎ ዘወር ብሎ ሰዉን አየና ‹ስንመኘው ከልክላችሁን፣ ሁሉ የሸሸው ዕለት ሰጣችሁን› አለ። እየሣቀ ነው ያለው። አባታችን ከሞቱ ወዲህ የሣቅሁት ያን ቀን ነው፤ ቤት ስገባ ደግሞ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠርተውት ሄዶ ተመልሷል። ሁሉንም በመልክ አውቃቸዋለሁ ብሏቸው አስተርጓሚው ሰድቦ አባረረው አሉ። እስከ መቼ እንደሚታገሡት አላውቅም። የወንዝ ማዶው እርሻ ከእኛ ወጥቷል፤ የዘንድሮ ገብሳችን ያንሳል። ለከርሞም ጣሊያን እስካለ ድረስ ሰዉ ከአያ ወርቁ ኋላ የሚነሣ አይመስለኝም። አባታችን ቢኖሩ ምን ይሉኝ እንደነበር ሳስብ እውላለሁ፤ አንተ ታላቄ ነህና ፍረደኝ።

አጎታችን መጥተህ ሹመቱን አስመልስ ብለው ይልኩብህ ይሆናል። ለሹመቱ ብለህ አትምጣ፣ ወንድም ዓለም። ለሙት ዓመቱ ና። ያን ጊዜ ማንም በስምህ ጠርቶ በር ላይ አያቆምህም፤ ልጅ ሆነህ ከእናታችን ጎን ትቀመጣለህ።

እናታችን ፈንታነሽ አንተን፣ ማሬንና ልጃችሁን አንገት ለአንገት አቅፋ ስማችኋለች። የኔታ በጸሎት አስቤዋለሁ ብለውሃል። አያ ወርቁ ‹ለዚያ ለታላቁ› ሰላም በልልኝ ብሏል። አጎታችን ሙላቴ እስካሁን አላነጋገሩኝምና ሰላምታ አልላኩም፤ ቢሆንም የእሳቸውንም እኔ ጽፌልሃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ በላይነህ

ጋፋት፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.