ከሃያ ቁስል አምስቱ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ «ጤናሽ እንዴት ነው» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ጤናሽን ስጠይቅ ራሴን ታዘብኩት። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምጽፍልሽ ከቁስል ክፍላችን ስለወጣሽበት ነገር ነው። አንቺ የማታውቂው፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውቀው ነገር አለ። በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ እቀባጥራለሁ፤ ታውቂኝ የለ?

ዘንድሮ ትምህርት ጀምሬያለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ላሳድግ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቼ ከሚሆኑ ነርሶች ጋር ተጣብቤ እቀመጣለሁ። ከትምህርቶቹ አንዱ የጤና ስታትስቲክስ ነው። እኔና ሒሳብ ደግሞ ስንሸሻሽ ነው የኖርነው፤ የመድኃኒት መጠን ሳሰላ እንኳ «እስቲ አንቺ ድገሚልኝ» እያልኩ ወዳንቺ እሮጥ አልነበር? አስተማሪያችን ቀጭን፣ ቀልድ የማያልቅበት ወጣት ነው። እኔን «እናታችን» ይለኛል። መጀመሪያ ቀን ተቆጥቼው ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳንቲም ይዞ መጣ። «ይህን አሥር ጊዜ ብወረውረውና ሰባት ጊዜ የአንበሳው ገጽ ቢወጣ፣ ሳንቲሙ አታላይ ነው ማለት ነው?» አለን። ግማሹ ክፍል «አዎ» አለ፤ እኔም ጮክ ብዬ። «እናታችን፣ ፈራጅ ብትሆኚ ኖሮ ስንቱ እስር ቤት በገባ!» አለኝና ሰሌዳው ላይ አሰላው። ምንም ተንኮል የሌለበት ሳንቲም እንኳ ያ ገጽ ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ አሥራ ሰባት ነው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ አላወቅሁም።

ከዚያ ኖርማል የሚባለውን ስርጭት በደም ግፊት ምሳሌ አስተማረን፤ ብዙው ሰው መሀል ላይ ይከማቻል፣ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ሥዕሉ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ፖይሰን የሚባለውን ደግሞ ድንገተኛ ክፍል በሰዓት ስንት ሰው ይመጣል በሚል ምሳሌ። ሁሉንም ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ሠንጠረዥ በጣቴ እየተከተልኩ እንደምንም አለፍኩት። ባይኖሚያል የሚባለው ስርጭት ላይ ስንደርስ ግን የቤት ሥራ ሰጠን። «ከየሥራ ቦታችሁ አንድ ምሳሌ ይዛችሁ ኑ። ውጤቱ ሁለት ብቻ ይሁን፤ ዳነ ወይም አልዳነ፣ ሆነ ወይም አልሆነ» አለ።

እኔ ምን እንደጻፍኩ ሳትገምቺ አትቀሪም። ሃያ ቁስል። በክፍሉ ከአሥር አንዱ ያመረቅዛል። አንዲት ነርስ ጋ ግን በአንድ ወር አምስቱ አመረቀዙ። ቁጥሩን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በቃሌ ይዤው ነው የኖርኩት። እውነቱን ልንገርሽና ጥዪኝ፦ ያን ምሳሌ የወሰድኩት አንቺን ነፃ ለማውጣት አልነበረም። «ልክ ነበራችሁ» የሚል ወረቀት ፈልጌ ነው። ሒሳቡ ከፈረደብሽ እኔ መተኛት እችላለሁ ብዬ ነው።

አስተማሪው ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ደረደረው። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚያመረቅዙበትን ዕድል ደምሮ ከአንድ ቀነሰ። አምስትና ከዚያ በላይ የመሆኑ ዕድል ከመቶ አራት ገደማ ሆነ። ትከሻዬ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ከመቶ አራት ብቻ! እፎይ ብዬ ደብተሬን ልዘጋ ስል፣ «ቆይ እናታችን፣ ነርሶቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ስድስት።»

«ይህን የምትቆጥሩት በየወሩ ነው?»

«በየወሩ።»

«እንግዲህ ስድስት ሰው አሥራ ሁለት ወር፣ ሰባ ሁለት ጊዜ ዕጣ ይወጣል ማለት ነው። ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ በዓመቱ ውስጥ ከስድስቱ አንዷ ጋ ቢያንስ አንድ ወር አምስት የመድረሱ ዕድል ስንት ይመስልሻል?» ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገው። «ከመቶ ዘጠና ስድስት። ዓመቱን ሙሉ ጠብቃችሁ፣ ዕጣው የወጣባትን አንቃችሁ ያዛችኋት!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ምን ያውቃል፣ ምሳሌ ብቻ መስሎታል። ቀጥሎም እንደ ቀላል ነገር፣ «ይሄም ቢሆን የሚሠራው የሁሉም ቁስል የማመርቀዝ ዕድል እኩል ከሆነ ነው። በሽተኞቹን የምትመድቡት በተራ ነው አይደል?» አለኝ።

እታለም፣ ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁኝ አለቃችን ናቸው፤ ያንቺ ጉዳይ የታየ ቀን። አንቺ ስላልነበርሽ ልንገርሽ። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አለቃችን፣ የጥራት ኃላፊውና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ የገባሁት ምደባውን የምጽፈው አስተባባሪ ስለሆንኩ ነው። ኃላፊው «አማካዩ ሁለት፣ የሷ አምስት» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ጓንት የምትቀይሪበት ጊዜ፣ የቁስሉን ጎዝ ጨርቅ የምትቆርጪበት መንገድ፣ ከታካሚ ጋር ማውራት ማብዛትሽ ሳይቀር ተነሣ። አለቃችን ግን ሚዛናዊ ሰው ናቸው፤ ወደኔ ዞሩና «ምደባው እኩል ነው? በተራ ነው የምትልኪላቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ በተራ ነው» አልኩ።

በተራ አልነበረም። ያ መዘዘኛ ማስታወቂያ፣ «ታካሚ በተራ ብቻ ይመደባል፤ በምርጫ የመደበ በኃላፊነት ይጠየቃል» የሚለው፣ ግድግዳው ላይ ከራሴ በላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ግን ካርዱን አያለሁ። ስኳር ያለባቸው አዛውንት ከሆኑ፣ ላንቺ። ትርፍ አንጀቷ የፈነዳባት ከሆነች፣ ላንቺ። ስፌቱ አንድ ጊዜ የተከፈተበት ከሆነ፣ ላንቺ። ቀላል ቀላሉን ለሌሎቹ አከፋፍል ነበር። አንቺ «ኧረ ይሄ ተራ ምን ነካው እቴ፣ ክፉ ክፉው ሁሉ እኔ ላይ!» ስትይ፣ እኔ ደግሞ ደረቅ ብዬ «ምን ላድርግልሽ፣ ዕድልሽ ነው» እልሽ ነበር። እውነቱን ብናገር ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው በኔ ስም ነው። አስተባባሪነቱም ገና አልጸናልኝም ነበር። በአንድ «አዎ» አንቺን ሸጥኩሽ።

ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሽ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርሽ። ዕቃሽን ልትወስጂ የመጣሽ ቀን የመቀየሪያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሽና እጆችሽን ገልብጠሽ አየሻቸው። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እጄ ከብዶ ይሆን?» አልሽኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል።» አይ እኔ! ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ። ከወር በኋላ ካርድ ክፍሉንም ለቀሽ ሄድሽ፤ እኔም ላልደውልልሽ ሰበብ ሳላጣ ከረምኩ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገባሁ። የዚያን ወር ሃያ ታካሚዎችሽን ካርድ አንድ በአንድ አወጣሁ። አንድም ቀላል ቁስል የለበትም፤ አንድም! ከዚያ ደግሞ ከወሩ በፊት ያለውን የሦስት ዓመት መዝገብ አገላብጬ እንዲህ ያሉ ከባድ ቁስሎች በሌሎቻችን እጅ ሲታጠቡ ምን እንደሆኑ ቆጠርኩ። አንቺ ፈቃድ ስትወጪ እኛ የያዝናቸው፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት የነበሩት። ስድሳ ናቸው፤ አሥራ ስምንቱ አመርቅዘዋል። ከአሥር ሦስት መሆኑ ነው። እንግዲህ ከሃያ ከባድ ቁስል ይጠበቅ የነበረው ሁለት ሳይሆን ስድስት ነው። አንቺ ጋ የሆነው አምስት። በዚህ ስሌት አምስትና ከዚያ በላይ የመሆኑ ዕድል ከመቶ ሰባ ስድስት ነው፤ ማንኛችንም ብንሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስብን ነገር።

ወረቀቱን ለአስተማሪው ሳሳየው ቀልዱን ተወ። «ይህቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። አውቃታለሁ አልኩት። «አምስት ከስድስት ማነሱ ከሌሎቹ ትበልጣለች ብሎ አይመሰክርም፤ ይህን አትጻፊ» አለኝ። «የሚመሰክረው እሷን ለመክሰስ ምንም ምክንያት እንዳልነበራችሁ ነው።» እኔ ደግሞ ትበልጣለች የሚለውን መጻፍ ነበር ያማረኝ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወዲያው አለቃችን ጋ የሮጥኩ እንዳይመስልሽ። ሦስት ሳምንት ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። የገፋኝ ልጅሽ ናት። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ አገኘችኝና እንደ ድሮዋ አቅፋ ሳመችኝ፤ ምንም አታውቅም። «እማዬ ደህና ናት» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ የጎረቤት ሕፃን ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ እናቷ ስታመጣት፣ «እኔ ልንካት አልችልም፣ ሌላ ሰው ይጠብላት» ብለሽ በር ላይ እንደመለስሻት ነገረችኝ። የተላጠ ጉልበት፣ እታለም! ሥራሽን ብቻ የቀማሁሽ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። በራስሽ ላይ የነበረሽን እምነት ወስጄ ኖሯል።

በማግሥቱ አለቃችን ቢሮ ገባሁ።

«አንድ የማርመው ነገር ነበረኝ» አልኳቸው።

«የፈረቃ ለውጥ ነው?»

«አይደለም። የሁለት ዓመት ውሸት ነው።»

ካርዶቹን፣ ቆጠራውን፣ ስሌቱን አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን እያወለቁ እያጠለቁ አነበቡ። «ያን ቀን ጠይቄሽ ነበር እኮ ሲስተር» አሉኝ። ጠይቀውኛል፣ ዋሽቼ ነው አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም አምስቱን ብቻ ነው ያየሁት። ሃያው እነማን እንደሆኑ ካርዳቸውን አምጡ ማለት ነበረብኝ» አሉ።

ስብሰባ እንዲጠራ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ስምሽ የጠፋው በስብሰባ ነውና። በዚያው ክፍል፣ አምስቱም ነርሶችና የጥራት ኃላፊው ባሉበት ቆሜ፣ በተራ አልነበረም፣ እየመረጥኩ ነበር፣ ስጠየቅም ዋሽቻለሁ አልኩ። ማንም አላጽናናኝም፤ ደግ አደረጉ። ማስጠንቀቂያሽ ተሽሯል፤ የተሻረበት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፣ ማኅተሙን እዪው። አሁን ማስጠንቀቂያ ያለው የእኔ ማኅደር ውስጥ ነው፣ አስተባባሪነቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እኔ እንደማንኛዋም ቁስል አጥባለሁ። አለቃችን ልትመለሺ ከፈለግሽ ቦታሽ ክፍት ነው ብለዋል። ነይ ብዬ አልለምንሽም፤ ያ ያንቺ ጉዳይ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም ይቅር በዪኝ። ካልፈለግሽ መልስ አትጻፊልኝ። ልጅሽ ግን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ታንብበው፤ እሷም ትወቅ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ስብሰባው ላይም ያልተናገርኩት። ማስታወቂያውን እየጣስኩ ለምን እንደምመርጥ አለቃችን ጠይቀውኝ «ልማድ ነው» ብዬ አለፍኩት። ልማድ አልነበረም። ከባድ ቁስል ያለበት ሰው ካርድ እጄ ሲገባ፣ ይህች እናቴ ብትሆን ለማን እሰጣታለሁ ብዬ ራሴን እጠይቅ ነበር። በዚያ ወር ሃያ ጊዜ ጠየቅሁ። ሃያውንም ጊዜ የጻፍኩት ያንቺን ስም ነው።

የበደለችሽ እህትሽ