ሸራ ሰፊው ሽማግሌ

ለምወድሽ እታለሜ፣

ጤናሽን እንዴት ይዞሻል? የእናታችን ጉልበትስ ደረጃ መውጣት እሺ አለ ወይስ አሁንም እያመፀ ነው? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። ድካም ብቻውን ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

ሥራዬ ያው ነው። ሰው ያልረገጠው ደሴት እንይ የሚሉ መንገደኞችን በሸራ ጀልባ ይዘን እንሄዳለን። ሰው ያልረገጠውን ደሴት እኔ ስመላለስበት ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ማዕበል ሲነሳ እነሱ ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ያስመልሳቸዋል፤ ባልዲውን የማጥበው እኔ ነኝ። ገመድ መዳፌን ልጦ ልጦ አሁን ብዕር መያዝ ሁሉ ይከብደኛል።

እስከዚህ ድረስ ለእናታችን አንብቢላት። ደህና ነው፣ ጥርሱም ተሽሎታል በያት። የቀረውን ግን በሩን ዘግተሽ ለብቻሽ አንብቢው።

ባለፈው ወር፣ ሄደን ወደማናውቀው ሩቅ ደሴት ስናመራ ነፋስ ትልቁን ሸራ ለሁለት ቀደደው። በሞተር እየተጎተትን በስድስተኛው ቀን ደረስን። ካፒቴኑ ሸራ የሚሰፋ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የደሴቱ ሰዎችም አንድ ባሕር የተፋው ሽማግሌ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው አሉት። ሸራውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነበርኩ።

ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አባባ እያሉ ጀርባው ላይ ይንጠላጠላሉ። እታለሜ፣ ሲሰፋ ልክ አንቺ መርፌ ስትይዢ እንደምታደርጊው ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ነው። ሳላስበው በቋንቋችን እጅዎን ይባርከው አልኩት። መርፌው ቆመ። ፊቴን ብዙ ካየ በኋላ አገርህ የት ነው አላለኝም፤ እናትህ ደህና ናት? አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ነጎድጓድ ስትሰማ አልጋ ሥር የምትገባዋ ልጅስ? አለኝ። የሦስት ልጆች እናት ናት፣ አሁን ነጎድጓዱ ነው እሷን የሚፈራው አልኩት። ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸበት።

ሁለት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፋን። እሱ ለምን እንዳልተመለሰ አላስረዳኝም። እኔ ደግሞ ባሕር ከወሰደው ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ፤ ክር እያቀበልኩት ዋልኩ። ልንነሳ ስንል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለን አልኩት። ልጆቹን አየ። ስፌቱን በመዳፉ ዳበሰና፣ ይሄ አሥር ዓመት ይችላል አለኝ። ጀልባው እስኪርቅ ዳርቻው ላይ ቆሞ ነበር፤ እጁን ግን አላነሳም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለስምንት ዓመት እናታችንን አግቢኝ እያለ ደጅ የሚጠናት አናጢ አሁንም ይመጣል? ሬሳውን ሳላይ ባሌ ሞተ አልልም እያለች ስንቴ መለሰችው! በዚያ ባሕር ከጠፉት ማንም እንደማይመለስ ወንድሜ በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ በያት። ይህ ውሸት አይደለም። እኔ ብመጣ ግን ፊቴ ያሳብቅብኛል፤ ስለዚህ የዘንድሮውን እረፍቴን እዚሁ አሳልፋለሁ።

ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ። ቤትሽን ሰላም አያሳጣው፣ እናታችንንም ዕድሜ ከደስታ ጋር ይስጣት። ይህን ገጽ አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ታናሽ ወንድምሽ