ዘንድሮ የቀላው እንዶድ

አልነቅለውም! እንዶዱን አልነቅለውም። ንቀይው ያለኝ ሰው የለም፤ አንቺ ግን በሆድሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ይኸው ንዴቴ ከሰላምታው ቀደመ። እንዴት ከረምሽ የኔ ልጅ? ሩታዬስ? ከዚያ ወዲህ ሆዷን አላመማትም? ትበላለች? ስልኬን ስለማታነሺ ነው ብዕር የጨበጥኩት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ የመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቻይው።

መርዝ በግቢሽ ታበቅያለሽ ብለሽኝ ሄድሽ። መርዝ መሆኑ መች ጠፋኝ? ልታገቢ ሰሞን ከቁስቋም ዳገት ቡቃያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፍሬውን ውሃ ውስጥ በመዳፌ ሳሸው አረፋ በአረፋ ሆነ፤ በቃ፣ እንዶድ ነው አልኩ። እጽዋት ማዕከል የሚሠራው ጎረቤታችን በዳሳም ቅጠሉን አገላብጦ አየና ልክ ነዎት እማማ፣ ብቻ ልጅ እንዳይቀምሰው አለኝ። የሠርግሽን ጋቢ፣ የሩታን የክርስትና ልብስ ያነጣሁት በሱ ነው። ያኔ መርዝ ያለው ማን ነበር?

እንዶድ ሳይቀላ ነው የሚለቀመው። አረንጓዴውን ልጅ ዞር ብሎም አያየው። እኔ ደግሞ አስቀልቼው አላውቅም፣ ዘንድሮ ብቻ ነው። አጥሩ ላይ እንደ ጨሌ ሲንዠረገግ ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮት አየው ነበር። ዛሬ እለቅመዋለሁ እላለሁ፣ ደግሞ ነገ እላለሁ። ሰነፍኩ በቃ። ወገቤ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ሩታ እማማ አፌን አቃጠለኝ ብላ ስትመጣ ግን ወገቤም የት እንደገባ እንጃ። ተሸክሜያት ሮጥኩ። ሐኪሙ ምን በላች ሲል ዘለላውን ከጉያዬ አውጥቼ እንዶድ ነው አልኩት። እሱን ስላወቁ ነው ቶሎ የረዷት፤ ይህን የነገረሽ የለም። አንቺ መጣሽ፣ ልጅሽን አቀፍሽ፣ ሁለተኛ እዚያ ግቢ አትረግጥም አልሽ። ፊቴን እንኳ አላየሽም። ብታዪው ኖሮ መክሳቴን ትጠይቂኝ ነበር።

አልነቅለውም ያልኩሽ አንድ እጥበት ቀርቶኝ ስለነበር ነው። ዓለምፀሐይ፣ የጎረቤቴ ነገር፣ ያልቀላውን ለቅማ ወቅጣልኝ አዲሱን አቡጀዲ ትናንት አጠብነው። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ አለቀሰች እንጂ፣ ሞኝ። በረዶ መስሏል። ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ነው፣ ሌላ ቦታ ስትፈልጊ እንዳትደክሚ። አቡጀዲው ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ በዳሳ እንዶዱን ከነሥሩ ይነቅለዋል፣ ነግሬዋለሁ። ያኔ ሩታን ይዘሽ ትመጫለሽ፤ የምትፈሪው ነገር አይኖርም። ከዚያ በፊት ብትመጪም በሩ አይቆለፍም።

ድንግል ማርያም ልጅሽን ታሳድግልሽ፣ አጠገብሽ አድርጋ ታስረጅሽ። የሩታ አንድ እግር ጫማ እዚህ ቀርቷል፣ ትራሴ ሥር...

ይኸው ዓለምፀሐይ በር ላይ ቆማ ትጮሃለች፤ መኪናው ደርሷል፣ ሐኪሞቹ እኛን አይጠብቁም ትላለች። ለወገቤ ነው አልኩሽ እኮ። መጣሁ፣ መጣሁ እያልኳት ነው!

እናትሽ