የወይዘሮ አልጋነሽ ጥያቄ ስለ እንግሊዙ ገጣሚ

ውድ ኢዩኤል፣

ፒያሳ ያረፍኩት ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ጡረተኛ ታይፒስት ቤት ነው። አንተና እኔ ደሴ የምናስተምረውን እንግሊዛዊ ገጣሚ፣ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደብተር ሲተረጉሙት ኖረዋል! ትናንት ስለ ሴት ልጁ ናፍቆት የጻፈውን ግጥም አነበቡልኝና፣ «ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

«እማማ፣ ልጅ አልነበረውም። ሚስትም አላገባ፤ ሰዓት ሲጠግን ኖሮ ብቻውን ሞተ» አልኳቸው።

 ደብተሩን እንደያዙ፣ «እኔ ይህን የተረጎምኩት ልጄን ቀብሬ ነው። እሱ ያላቀፋትን ልጅ እንዴት እንዲህ ናፈቀ?» አሉና መነጽራቸውን አጥልቀው እንደ አዲስ ማንበብ ጀመሩ።

እኛ የተወለደበትን ዓመት ለፈተና እናሸመድዳለን፤ ይህን የጠየቀን ተማሪ ግን የለም። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጅህን ናዝራዊትን ሳምልኝ። አንተ ብትሆን ምን ትመልስላቸው ነበር?

ምኞት