የታደሰ ሙሾ ጭፈራ ሆነ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት።
ጥፋተኛዋ ሰናይት ናት። የገዛ ልጄ። ደብተሬ፣ ስሟን መጀመሪያ ጻፍኩልሽ።
ባቡሩ ኖርዝጌት ጣቢያ ሳይደርስ፣ አጠገቤ ከተቀመጠች ልጅ ስልክ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜን ታደሰን እያልኩ አለቅሳለሁ። ከሥሩ ከበሮ ይደልቃል። ልጅቷ ትከሻዋን ትነቀንቃለች።

ማክሰኞ፣ 4።
ሰናይት አመነች። አምና ታደሰን ቀብረን ሌክ ሲቲ አዳራሽ ሙሾ ሳወርድ በስልኳ ቀድታኝ ነበር። ለአገር ቤት ዘመድ መስሎኝ። የላከችው ለሁለት እንግሊዞች! በማሽን የጭፈራ ሙዚቃ ይሠራሉ፤ እዚህ ሲመጡ ድምፅ የምታስተካክልላቸው እሷ ናት። ሁለቱ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው፣ ገንነው የነበሩ ናቸው። ከዚያ ሁለት አልበም ወደቀባቸው፤ ሊለያዩ ነበር። በኔ ለቅሶ ተነሡ። «እማ፣ ሴቭ አደረግሻቸው እኮ!» ትላለች፤ አዳንሻቸው ማለቷ ነው። ልመርቃት ይሆን?
ደግሞ ድምፅሽን እንዲጠቀሙበት ፈርመሻል አለችኝ። እውነት ነው። በአምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ፣ አውራ ጣት ቀለም ከመንከር ተገላግዬ፣ ፈርሚ ያሉኝን ሁሉ በደስታ እፈርማለሁ። ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሞኝ።

ሐሙስ፣ 6። ከሰዓት።
ሁለቱ ቤቴ መጡ። ቅዳሜ እዚህ ይጫወታሉ። ረጅሙ ያወራል፣ አጭሩ ምንጣፉን ያያል። መድረክ ላይ ውጪ አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ለቅሶው ይሁን፣ የታደሰን ስም አውጡልኝ። ረጅሙ አዘነ፤ ግን ሰው የሚዘለው ስሙ ጋ ሲደርስ ነው አለ። አጭሩ ቀና ብሎ ተቆጣው። ተጨቃጨቁ። ሰናይት ይህን አልተረጎመችልኝም።

እሑድ፣ 9። ከቅዳሴ መልስ።
ትናንት አልሄድኩም። ሰናይት ቪዲዮ ላከች። አዳራሽ ሙሉ ሰው እጁን ሰቅሎ «ታደሰ! ታደሰ!» ይላል። እየሳቀ። ረጅሙ ብቻውን ማሽኑ ላይ። አጭሩ ወደኋላ ብሎ ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

ረቡዕ፣ 12።
የወ/ሮ አልጋነሽ ባል አረፈ። ለወንድሜ ከኔ ጋር ደረቷን የደቃች ሴት ናት። ሬኒየር ቫሊ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ይጀምሩልን አሉኝ። የሟቹን ስም ልጠራ ስል ከኋላ አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አደረገ። ሰዓት ሊያይ ይሆናል። አፌን ዘጋሁ። አልጋነሽ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። እሷ ምን አጠፋች?
ሰናይት ትደውላለች። አላነሣም።
ይኸው ወሰንኩ። ከእንግዲህ ለማንም ሙሾ አላወርድም። ሰናይት፣ አያድርገውና፣ ብትቀድመኝ፣ ለሷም።